እንግዳና ነዋሪ

አንባቢ ሆይ፤ አንድን አገር በእንግድነት ማየትና በዚያው አገር ጎጆ ቀልሶ መኖር ምን ያህል እንደሚራራቁ አስበህ ታውቃለህን? እኔ ይህን የተማርሁት በመጽሐፍ ሳይሆን፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ በሚገኘው በኢል ወንዝ ሸለቆ ነው።

ይህ ወንዝ ከተራራ ወርዶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት ለጥ ያለ ለምለም ሜዳ ያቋርጣል። በአካባቢው ፈርንዴል፣ ሎሊታና ፎርቹና የተባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። የፈርንዴል ሕዝብ ከ1,400 እምብዛም አይበልጥም። ቀደም ባለው ዘመን የወተት ላም አርቢዎች ያሠሯቸው ያጌጡ የእንጨት ቤቶች ዛሬም በከተማይቱ ቆመው ይታያሉ፤ የቤቶቹ ወጪ ከወተትና ከቅቤ ሽያጭ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ሰዉ «የቅቤ ቤተ መንግሥት» ይላቸዋል።

መጀመሪያ የሄድሁት በበጋ ነበር። ላሞች በመስኩ ይግጣሉ፤ ከባሕር የተነሣው ጉም እስከ ረፋድ ሜዳውን አልብሶ ይቈያል። በግጦሹ መካከል ከአፈር የተቈለሉ ሰፋፊ ጉብታዎች አየሁ። የጥንት መቃብሮች መሰሉኝ፤ ማንንም ግን አልጠየቅሁም። ለወንድሜም «ሐሳብ የሌለበት አገር አገኘሁ» ብዬ ጻፍሁለት።

በኋላ በዚያው ሸለቆ ቤት ተከራይቼ መኖር ጀመርሁ። ጎረቤቴ አንድ አዛውንት የላም አርቢ ነበሩ። በዚያ አገር ዝናቡ የሚበረታው በብርድ ወራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የካቲት ወር ሊያልቅ ሲል ያለማቋረጥ ዘነበ። ወንዙም ሞልቶ ወደ ሜዳው ወጣ። በሌሊት ሽማግሌው በሬን አንኳኩና፣ «ተነሥ፤ ላሞቹን ወደ ጉብታው እንንዳ» አሉኝ። ለካስ ጉብታዎቹ ከብቶች ከጎርፍ የሚሸሹባቸው መጠጊያዎች ኖረዋል!

እስከ ጉልበታችን ውሃ ውስጥ ገብተን ከብቶቹን ነዳን። «ሲያልፉ የአጥሩን መዝጊያ በደንብ ቀርቅር» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን «ወደ ውሃ የሚመለስ ከብት ምን ይኖራል?» ብዬ በገመድ ሸብ አድርጌ ተውሁት። ሲነጋ አንዲት ጥጃ ታጣች። የለመደችው በረት ናፍቋት ተመልሳ ነበር፤ በሕይወት አላገኘናትም።

ሽማግሌው አልተቈጡኝም። አካፋ ሰጡኝና ደለሉን አብረን ስንጠርግ ዋልን። ያ ዝምታ ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ። አመሻሽ ላይ አረፍ ስንል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 በልጅነታቸው ያዩትን ታላቅ ጎርፍ አጫወቱኝ። ያ ጎርፍ በሺህ የሚቈጠሩ ከብቶችን ጨርሶ፣ ብዙ ድልድዮችን ጠራርጎ ወስዷል። በ1911 የተሠራው የፈርንብሪጅ ድልድይ ግን ተቋቁሞት አለፈ።

በእንግድነቱ የተሳሳተ እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1850 በዚያ ያለፉ መንገደኞች ከአገሬው ሰዎች እባብ መሰል ዓሣ በመጥበሻ ለወጡ። ዓሣው ኢል የሚባለው ስለ መሰላቸው ወንዙን በዚያ ስም ጠሩት፤ ዓሣው ግን ሌላ ዐይነት ነበር። በሸለቆው ለዘመናት የኖረው የዊዮት ሕዝብ ለወንዙ ዊያት የሚል የራሱ ስም ነበረው። ሆኖም በካርታ ላይ የሰፈረው የመንገደኞቹ ስሕተት ነው።

አባቶቻችን «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። እንግዳ የመስኩን ልምላሜ ያያል፤ ነዋሪ ግን ልምላሜውን ያመጣው ጎርፍ ያተረፈው ደለል መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ አንተም ወደማታውቀው አገር ስትሄድ፣ ውበቱን ከማድነቅህ ጋር ሰዎቹ ምን እንደሚፈሩ ጠይቅ። መዝጊያ ቀርቅር ሲሉህም፣ ምክንያቱ ባይገባህ እንኳ አጥብቀህ ቀርቅር።