ጣርማ በር፤ ፀሐይና ጉም የሚገናኙበት

በጥር ማለዳ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ዓይን ያጭበረብራል፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ዘልቆ ይገባል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ካልጋሪ፣ ካናዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጋቢውን እያጣፋ፣ "ሰማይ ጥርት ብሎ እንዲህ የሚበርደው እኛም ዘንድ ነው" አለኝ። ለካልጋሪም ተራራዋ ሩቅ አይደለም፤ የሮኪ ተራሮች በስተምዕራቧ ተዘርግተዋል።

መኪናችን የገብስ ማሳዎችንና የበግ መንጋዎችን እያለፈ ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሲወጣ ስለ ቺኑክ አወጋኝ። ይህ ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ቁልቁል ሲወርድ እየደረቀና እየሞቀ ይሄዳል። በበረዶው ወራት ሲነፍስ የካልጋሪ ሙቀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል።

ጣርማ በር ስንደርስ ግን ፀሐያችን ጠፋ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ አፍ ጉም ለብሷል። እዚህ ነገሩ የቺኑክ ተቃራኒ ነው፤ እርጥብ አየር ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጉምም ይሆናል።

ከመኪና ወርደን በገደሉ ጫፍ በግ የሚጠብቁ አዛውንት ሰላም አልን።

"አባቴ፣ ጉሙ ይገለጥ ይሆን?"

"ትንሽ ታገሡ ልጆቼ፤ ነፋሱ ሲዞር ይገለጣል።"

እውነትም ተገለጠ። ከሥራችን ደብረ ሲና፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ሞቃት ቆላ ታየን። ጭላዳዎች ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በስተምዕራብ የሚዘንበው ውኃ በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ፣ በስተምሥራቅ የሚዘንበው ወደ አዋሽ ይወርዳል።

የካልጋሪ ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ተራራውን ብሎ ይወጣል፤ ባንፍ የተባለው ፓርክ ለዚህ ዝነኛ ነው። እኛ ግን ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በርን በዋሻው ውስጥ ሽው ብለን እናልፈዋለን። ሁለት ተፋሰስ የሚለያይበት፣ ደጋና ቆላ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ መተላለፊያ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የወሎ መንገደኛ ሁሉ እዚህ ወርዶ ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቅ እላለሁ፤ አገሩን ከዚህ በተሻለ የሚያይበት ቦታ ብዙ አያገኝም።