ሻንቲዪ፦ ወራሽ ያጣ መስፍን ለአገሩ ያወረሰው ቤት

ፓሪስ «ጋር ዱ ኖር» ጣቢያ ባቡር የተሳፈረ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሻንቲዪ ይደርሳል። ከጣቢያው ወጥቼ ጫካውን ይዤ በእግሬ ሄድኩ። የሻንቲዪ ቤተ መንግሥት ከውሃ መሀል ብቅ ሲል እግሬ ከመሬት ተተከለ፤ እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም።

ጥንታዊ ቢመስልም አብዛኛው ክፍል አዲስ ነው። የጦር አዛዡ አን ደ ሞንሞራንሲ በ1560 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሠራው ትንሹ ግንብ ቆሟል፤ ትልቁ ግን ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ፈርሷል። ቦታውን በ1830 የወረሰው የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ልጅ፣ የኦማል መስፍን ኦንሪ ዶርሌአን፣ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በ1848 አባቱ ከዙፋን ሲወርዱ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ሃያ ሦስት ዓመት በስደት ሲኖር ሥዕልና ብራና ይሰበስብ ነበር። በዚያው የበኩር ልጁንና ሚስቱን ቀበረ፤ አገሩ በተመለሰ በዓመቱ ደግሞ የቀረው ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ትልቁን ግንብ ከ1875 እስከ 1885 በአርክቴክት ዶሜ እንደገና ያሠራው ከዚህ ሁሉ ሐዘን በኋላ ነው።

ልቤን የነካው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ1886 መንግሥት እንደገና ከአገር አባረረው። እሱ በዚያው ዓመት ቤቱን ከነንብረቱ ለፈረንሳይ ኢንስቲትዩት ሰጠ! ሥዕሎቹ ከሰቀልኩበት አይነሱ፣ ለሌላም አይዋሱ ብሎ ተናዘዘ። ቤቱ ሙዚየም ሆኖ እሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1898፣ ለሕዝብ ተከፈተ።

ስለዚህ ዛሬም የምናየው የእሱን ምርጫ ነው። በትልቁ አዳራሽ በቀዩ ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹ ፍሬም ከፍሬም ተጠጋግተው እስከ ላይ ተደርድረዋል፤ ለዘመን ቅደም ተከተል ደንታ የላቸውም። ወደ ውስጥ ዘልቄ በአንዲት ጠባብ ክፍል የራፋኤልን «ሦስቱ ጸጋዎች» አገኘሁ። ጎኑ አሥራ ሰባት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፍሬ ይዘዋል፤ ፊቴን እስኪነካ ተጠግቼ ጣቶቻቸው ፍሬውን የያዙበትን ልስላሴ ሳይ ጊዜውን ረሳሁት። በዚያው ክፍል የዣን ፉኬ አርባ የጸሎት መጽሐፍ ሥዕሎች አሉ፤ ብራና ላይ ሐረግና ሥዕል እያየ ያደገ ሰው በቀላሉ አያልፋቸውም።

ፓሪስ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከሉቭር ቀጥሎ አንድ ሙሉ ቀን ለሻንቲዪ ስጡ። መስፍኑ ሥዕሎቹ ከቤታቸው እንዳይወጡ ስለተናዘዘ፣ መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።