ትክክል ሆኜ የሠራሁት ኃጢአት

ለኑዛዜ የሚቀርብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ስህተቱ ነው። የእኔ ጣጣ ሌላ ነው። በሙያዬ፣ በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሥራ፣ ከሰጠኋቸው ትንበያዎች አብዛኞቹ ደርሰዋል። “አያዋጣም” ያልኩት አላዋጣም፤ “ሆይ ሆይታ ነው” ያልኩት ቀዝቅዞ ቀርቷል። በዚህም ስም አወጣሁ። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር “እስቲ እሱ ምን ይላል?” የሚባልልኝ ሰው ሆንኩ። ጨረታ ሲወጣ ቴክኒካል ሰነዱ በእኔ እጅ ያልፋል፤ ሻጩ ስላይዱን እያገላበጠ ተስፋ ሲዘራ የሰብሳቢው ዓይን ወደ እኔ ይዞራል። እኔም “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” እላለሁ። ስብሰባው ይስቃል፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፋል።

የሻጮቹን ውሸት ብዘረዝር ይህ ጽሑፍ በቀላሉ ይሞላ ነበር። ነገር ግን ንስሐ አባት ፊት ቀርቦ የጎረቤትን ኃጢአት መናገር አይቻልም። ስለዚህ የራሴን እናገራለሁ፤ እሱም ትክክል መሆኔ ነው። ትክክል የሆንኩባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ስመረምር ብዙዎቹ እውቀት ሆነው አላገኘኋቸውም።

ከኤቲኤም ልጀምር። የገንዘብ ማውጫውን ማሽን አይደለም የምለው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኔትወርኩን ዓለም ይጠቀልላል የተባለለትን ቴክኖሎጂ ነው። (በሌላ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያኑ ነው።) ድምፅ፣ ምስልና ዳታ በአንድ መስመር ሊሄዱ፣ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር እስከ አገር አቋራጭ ኬብል ድረስ አንድ ዓይነት አሠራር ሊነግሥ ነበር። መረጃው ሁሉ ሴል በሚባሉ 53 ባይት ቁራጮች ይከተፋል፤ 48ቱ ጭነቱ፣ 5ቱ አድራሻው። ይህ 48 ራሱ የሽምግልና ፍሬ ነው። አውሮፓውያኑ 32 ይሁን አሉ፤ አሜሪካውያኑ 64 አሉ፤ መሐል ላይ ታረቁ። ይህን ታሪክ ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። “በሽማግሌ የተወለደ ቴክኖሎጂ” እያልኩ አሳቅሁበት። ከመቶ ዘጠኝ የሚሆነው መስመር ለአድራሻ ብቻ እንደሚባክን እየጠቀስኩ “የለመድነው የቢሮ ኔትወርክ፣ ኢተርኔት፣ ይበቃናል” አልኩ። ኢተርኔትም በቃን። በ1995 በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ በ1998 ደግሞ አንድ ጊጋቢት የሚያስኬድ መስፈርት ወጣለት፤ ዋጋው ወረደ፤ ኤቲኤም ከቢሮዎች ወጣ።

ኢተርኔት ለምን አሸነፈ? ያኔ ብትጠይቁኝ “ቀላል ስለሆነ” ብዬ አልፋችሁ ነበር። እውነተኛው መልስ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ የሚሰላ ነው። 1500 ባይት የያዘ የኢተርኔት ፓኬት በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ወጥቶ እስኪያልቅ 187 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከኋላው ተራ የያዘ የስልክ ድምፅ ይህን ያህል ከቆመ ንግግሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ መረጃን በትንንሹ መክተፍ ለዝግተኛ መስመር የታሰበበት ብልሃት ነበር። ያው ፓኬት በአንድ ጊጋቢት መስመር 12 ማይክሮሰከንድ ብቻ ይወስድበታል፤ ከኋላው ያለው ድምፅ መዘግየቱንም አያውቀውም። መስመሩ ፈጠነና የመክተፉ ምክንያት ጠፋ። ይህን አስልቶ “ፍጥነቱ እዚህ ሲደርስ ኤቲኤም ሥራ ያጣል” ያለ ሰው ተጠራጣሪ የሚለው ስም ይገባዋል።

እኔ አላሰላሁም። ኢተርኔትን የመረጥኩት የማውቀው እሱን ስለነበር ነው። ገመዱን መግጠም፣ ስዊቹን ማዘጋጀት፣ ብልሽቱን ማሽተት ተምሬ ጨርሻለሁ፤ እንደገና ጀማሪ መሆን አስፈራኝ። ፍርሃቴን ብስለት ብዬ ሰየምኩት፤ ሰውም በዚያው ስም ተቀበለልኝ። ከዓመታት በኋላ የኤዲኤስኤል ሞደም ስናዘጋጅ ቪፒአይ እና ቪሲአይ በሚሉ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ቁጥር እንሞላ ነበር። እነዚያ ቁጥሮች የኤቲኤም ናቸው። በቀጭኑ የስልክ ሽቦ ላይ፣ ማለትም መጀመሪያውኑ በታሰበለት ዝግተኛ መስመር ላይ፣ ቴክኖሎጂው ሥራውን እየሠራ ነበር። ሞቷል ብዬ ያወጅኩበትን ነገር አድራሻ ምንነቱን ሳልጠይቅ በገዛ እጄ እሞላ ነበር።

ተጠራጣሪ ነኝ ስለምል የሙያውን ታላላቅ ተጠራጣሪዎች ማወቅ ነበረብኝ። አወቅኋቸውም፤ ግን ለመሳቂያ። በጥር 1992 አንድሩ ታነንባም የተባሉ የአምስተርዳም ፕሮፌሰር ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ጻፉ። ሊኑክስ ያኔ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ዓመት ያልሞላው ሥራ ነበር። የፕሮፌሰሩ ክርክር ሁለት እግር ነበረው። አንደኛ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ ከርነል፣ ማለትም በሥርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ ማጨቅ ያለፈበት አሠራር ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው ከኢንቴል 386 ቺፕ ጋር ከሚገባው በላይ ተጣብቋል። ከኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው የተመዘገቡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ የአንድሮይድ ስልክም ከሥሩ ሊኑክስ ነው። “አያችሁ ፕሮፌሰር ሲተነብይ?” እያልኩ ለጀማሪዎች ነገርኩ።

ክርክሩን እንደገና ሳነበው ሳቄ ቀረ። ታነንባም ምክንያታቸውን ግልጽ አድርገው ስለጻፉ ማንም ሰው ሄዶ ሊፈትነው ይችላል። ሊኑክስ ከአንድ ቺፕ ጋር መጣበቁ እውነተኛ ጉድለት ነበር፤ ኋላ ተስተካከለ። የመጀመሪያው ነጥብ ደግሞ ዛሬም ይነሳል፤ ሁሉም በአንድ ከርነል ውስጥ ከታጨቀ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም ሊወድቅ ይችላል። በሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አንድ የተበላሸ ፋይል ሲለቅ በከርነል ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራሙ ወደቀ፤ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ይዞ። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። በከርነል ውስጥ ብዙ ነገር የማጨቅ አደጋው ይህ ነው። የሊኑክስን ዕጣ ሳቱ፤ ምክንያታቸው ግን ሠላሳ ዓመት አልፎትም ያስተምራል። የእኔ ትንበያ ደርሶ ምን አስተማረ?

ሌላው ሮበርት ሜትካፍ ነው፤ ከኢተርኔት ፈጣሪዎች ዋነኛው። በ1995 መጨረሻ ኢንተርኔት በ1996 ክፉኛ ይወድቃል ብሎ ጻፈ፤ ካልሆነ ቃሌን እበላለሁ አለ። ኢንተርኔቱ አልወደቀም። በ1997 በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ጽሑፉን ከፈሳሽ ጋር በመፍጫ ፈጭቶ በሕዝብ ፊት በላው። ይህን ታሪክም ስናገር እስቅ ነበር። አሁን የሚታየኝ ጥርጣሬው ቀን እንደነበረው፣ ዋጋም እንደነበረው ነው። የእኔ “አያዋጣም” ቀን የለውም። ዘንድሮ ካላዋጣ ትክክል ነኝ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢያዋጣ “ያኔ ጊዜው አልነበረም” እላለሁ። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሊሸነፍ ስለማይችል ማሸነፉም ትርጉም የለውም።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት የስንፍናና የትዕቢት ኃጢአት ነው፤ የጎዳውም በአብዛኛው እኔን ነው። ሌላውን የጎዳው የሚከተለው ነው።

የግዕዝ ፊደል፣ ለየቋንቋው ፊደል አንድ ወጥ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ፣ ያስቀምጡ ነበር። በአንዱ ፎንት የተጻፈው ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ክምር ይሆናል። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ “ጋሼ፣ አዲስ የሚጻፈውን ከአሁኑ በዩኒኮድ ብናደርገው፣ የድሮውንም ቀስ እያልን ብንቀይረውስ?” አለኝ።

“ጸሐፊዎቹ የለመዱትን ይተዋሉ ብለህ ነው?” አልኩት። “ይህ በወረቀት ላይ የሚያምር ስታንዳርድ ነው። ስንቱን አይተናል!”

ትክክል ነበርኩ። ጸሐፊዎቹ ለዓመታት የለመዱትን አልተዉም። ልጁም መጠየቁን ተወ፤ ኋላም ሌላ ሥራ አገኘ። ከዚያ ስማርት ስልኩ ዩኒኮዱን ይዞ በየኪሱ ገባና ጉዳዩ ያለ እኔ ፈቃድ ተቆረጠ። በመካከሉ የተጻፈው ግን ቀረ። ፎንቱ የታወቀውን ሰነድ መቀየሪያ ፕሮግራም ይመልሰዋል። ተገልብጦ ወደ ሌላ ፋይል የተለጠፈና የፎንቱ ስም የጠፋበት ግን በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚመለስ መገመት ብቻ ነው። የሰው የቅጥር ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የይዞታ ጉዳይ የያዘ ፋይል ከፍቼ የኮማና የቅንፍ ክምር አይቻለሁ።

ጸሐፊዎቹ ለምን አልቀየሩም? ልማድ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ሥልጠና አለመሰጠቱ ነው፤ ሥልጠና ያልተሰጠው በጀት ስላልተያዘለት ነው፤ በጀት ያልተያዘለት ደግሞ “አይቀይሩም” የሚል ባለሙያ ስለነበረ ነው። ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ከትንበያዎቼ ስንቱ ደረሰ ብዬ ስኩራራ፣ ስንቱን ራሴ በድምፄ እንዳደረስኩት አልቆጠርኩም። ተመልካች ሰው “ሕዝቡ ይቀበለዋል ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ ያምርበታል። ኃላፊነት ያለበት ሰው ጥያቄ “ባይቀበለው ምን ይጠፋል? እንዲቀበለውስ ምን ላድርግ?” ነው። እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለሁለተኛው ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ስጫወት ኖርኩ።

አይፒቪ6 የተባለው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓትም በብዙ ቦታ በዚሁ በሽታ ተይዟል። መግለጫው የወጣው በታኅሣሥ 1995 ነው። አራት ቢሊዮን ከሚሆኑት የድሮ አድራሻዎች የመጨረሻዎቹ ጥቅሎች በየካቲት 2011 ከዓለም አቀፉ ጎተራ ወጥተው ለአህጉራት ተከፋፈሉ። ያም ሆኖ በየቢሮው ያለ የእኔ ቢጤ “ማንም አይጠቀምበትም” ይላል፤ ስለሚልም በዚያ ቢሮ ማንም አይጠቀምበትም። የድሮው አድራሻ ስለማይበቃ ብዙ ደንበኞች በአንድ አድራሻ ጀርባ ተከማችተው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲያጠፋ ያ አድራሻ ይታገድና ያላጠፉትም አብረው ይዘጋባቸዋል። ተሞክሮ የከሸፈ ፕሮጀክት ስም አለው፤ ኦዲተር ይጠይቅበታል። ሳይሞከር የቀረ ግን ፋይልም የለው፣ ተጠያቂም የለው። “ቆይ እስቲ” በማለቱ ከሥራው የተባረረ ባለሙያ አላየሁም። ጥርጣሬዬ ድፍረት ይመስለኝ ነበር፤ በስብሰባው ውስጥ ከሁሉም የተሸሸገው ወንበር ግን የእኔ ነበር።

ንስሐ ማለት ወደ ተቃራኒው ኃጢአት መዝለል አይደለም። ሆይ ሆይታው አሁንም ሆይ ሆይታ ነው። በ2015 አንድ የማይክሮሶፍት ባልደረባ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ ነው ብሎ በመድረክ ላይ ተናገረ። በ2021 ዊንዶውስ 11 መጣ፤ በጥቅምት 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ቆመ። የአዲሱን የቺፕ መስፈርት የማያሟሉ ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተሮችም ጥግ ያዙ። በዚህ አገር ስንቱ ቢሮ በዚያ ዓይነት ማሽን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው መጠራጠሩን ቢተው ሌላ ጥፋት ይሆናል። የምተወው ያለ ምክንያት፣ ያለ ቀንና ያለ ዋጋ መጠራጠርን ነው።

ስለዚህ የያዝነውን ዓመት ጥርጣሬዬን በወጉ ላስቀምጠው። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 ካስተዋወቃቸው ወዲህ፣ በሰከንድ ቢያንስ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች ወደ ጨረታ ሰነዶቻችን እየገቡ ነው። ቺፑን አንጠቀምበትም ብዬ እጠራጠራለሁ። ምክንያቴ፦ የቢሮ ሥራችን በአማርኛ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት፣ በማሽኑ ላይ ብቻ ሆነው አማርኛን ከንግግር ወደ ጽሑፍ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ካልመጡ ቺፑ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የምሸነፍበት ሁኔታ፦ ማሽኑ ኔትወርክ በሌለበት ችሎት የምስክር ቃል ተቀብሎ፣ ጸሐፊው እንደ አዲስ ከሚጽፈው ባነሰ ጊዜ አርሞ የሚጨርሰው ረቂቅ ካወጣ። ቀኑ፦ እስከ 2020 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በእኛው አቆጣጠር።

ይህን በቃል ብቻ አልተናገርኩም። በጨረታ ሰነዱ ላይ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ከሥሩም ለመሞከሪያ አንድ ማሽን እንዲገዛ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ፈተናውን የሚመሩት አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ናቸው፤ እኔ ውጤቱን እፈርማለሁ እንጂ አልመራውም። ባይሳካ “ብያችሁ ነበር” አልልም፤ ያልተሳካው በተናገርኩት ምክንያት መሆን አለመሆኑ ተመርምሮ ይጻፋል። ቢሳካ ደግሞ ግዢው በሚቀጥለው ሳይሆን በዚያው በጀት ዓመት እንዲፈጸም የመጀመሪያውን ፊርማ የማኖረው እኔ ነኝ።