ጣሪያዎን ከመንገድ ያየው ሰው

ሜሪላንድ ውስጥ፣ በተለይ እኛ በበዛንባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤት የገዛ ሰው ቁልፉን ተረክቦ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ይደወልለታል። ደዋዩ የገዢውን ስም አሟልቶ ይጠራል፤ «እዚያው ጎረቤትዎ ዘንድ ጣሪያ እየቀየርን ነበር፤ የእርስዎንም በረዶ እንደጎዳው ከመንገድ አይተናል» ይላል። ስሜን ከወዴት አመጣው ብሎ የሚደነግጥ አለ። በዚያ ግዛት የቤት ባለቤትነት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አድራሻውን ያስገባ ሁሉ የባለቤቱን ስምና ቤቱ የተሸጠበትን ዋጋ ያያል። ስልኩ ላይ የሚታየውን የሰፈር ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተር ያስመስለዋል።

እኔን የምትገርመኝ ከዚህ ሁሉ በፊት የምትመጣው ዝምታ ናት። «ሄሎ» ብለን ካነሳን በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ ምንም አይሰማም። መሣሪያው ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ ይደውላል፤ የሚዘገየው ስልኩን ያነሳውን ሰው ሥራ ላልያዘ ሻጭ እስኪያቀብል ነው። ይህችን ዝምታ የለመደ ሰው ወዲያው ይዘጋል። የእኛ እናቶች ግን አይዘጉም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚደወል ስልክም ብዙ ጊዜ ድምፁ እየዘገየ፣ አንዳንዴም በማይታወቅ ቁጥር ነው የሚገባው። ስለዚህ «ሄሎ፣ ይሰማል? ማን ልበል?» እያሉ ይጠብቃሉ። የአገር ቤት ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ ጆሮ ለሻጭ የተመቸ ጆሮ ሆነ፤ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ «ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ይመጣል። እናት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው የእሱንም ደህንነት ይጠይቃሉ። የጠየቃቸውንም ሁሉ ይመልሳሉ፦ አዎ፣ ቤቱ የራሳችን ነው፤ ጣሪያው ከገባን ጀምሮ አልተነካም፤ ልጄ የሚመጣው ማታ ነው። ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ይህን ጨዋነት ይተዉት ብዬ መምከር አልፈልግም። «አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም» ብሎ መዝጋት ግን ከነውር አይቆጠርም። ብዙ ጊዜ በዚያኛው ጫፍ ያለው ጣሪያ የሚሠራ ሰው አይደለም። መሰላል የለውም፣ ሚስማር የለውም። የሚሸጠው የሰው ስምና መልስ ነው፤ «ጣሪያቸው አሮጌ ነው» የምትለዋን ወሬ ለእውነተኛውም ለአጭበርባሪውም ኮንትራክተር ይቸረችራታል። አንዳንዴማ ጭራሽ ሰውም አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዱ ኖት ኮል» የሚባል፣ ሻጮች እንዳይደውሉበት የሚከለከል ቁጥር የሚሰፍርበት መዝገብ አለው። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ጊዜም አያልፍበትም። ሌባ መዝገብ አይፈራም የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። የበጎ አድራጎት ድርጅትና ፖለቲከኛም ይህ ክልከላ አይነካቸውም። እኔ ግን ጥቅሙ በሌላ በኩል ይታየኛል፤ ሕግ አክባሪው ሻጭ ከቀረ፣ ከተመዘገብን ከ31 ቀን በኋላ ጣሪያ ልሥራ ብሎ የሚደውል እንግዳ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በመደወሉ ብቻ ነገረን ማለት ነው። ከእሱ ጋር ክርክር መግጠም አያስፈልግም።

ጣሪያው በእርግጥ የሚያፈስ ከሆነም ሠራተኛውን መፈለግ ያለብን እኛ ነን፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር ላይ «ማን ሠራላችሁ?» ብለን፣ የሠራውን ጣሪያ በዓይናችን አይተን። በሜሪላንድ ሕግ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር የግዛቱን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበልም አይችልም። የፈቃድ ቁጥሩን ሲጠየቅ ወሬ የሚያስለውጥ ወይም ግማሹን ዛሬውኑ ክፈሉኝ የሚል ሰው ውል አይፈረምለትም።

እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ልጅ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ 1-888-382-1222 ላይ ደውሎ ቁጥራቸውን ያስመዝግብላቸው። በስልክ ሲመዘገብ መደወል ያለበት ከዚያው ከሚመዘገበው ቁጥር ነውና የእሳቸውን ስልክ ይጠቀም።