ከታች ላለው ማን ያስብለት?

ሰሞኑን ቅዳሜና እሁድን ተንተርሼ ሐዋሳ ብቅ ብዬ ነበር፡፡ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፡፡ መቼም ሐዋሳ ደርሶ የመጣ ሰው ወሬው የታወቀ ነው… የፍቅር ሐይቅ ነፋሻ አየር፣ የታቦር ተራራ፣ የዓሣ ጥብስ! እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ዓሣ ነው፡፡ ያውም የሐይቅ ሳይሆን የሆቴል ዓሣ!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ያረፍኩበት ሆቴል (ስሙ ይቆየን) እንግዳ መቀበያው አጠገብ ትልቅ አኳሪየም አለ፡፡ ላይ ላዩን ወርቃማ ዓሦች ሽር ብትን ይላሉ፡፡ ሰው ሁሉ እነሱን ያያል፣ ከእነሱ ጋር ፎቶ ይነሳል፡፡ ሕፃናቱም ዳቦ እየቆረሱ ይወረውሩላቸዋል፡፡ እታች ጥጉ ላይ ግን አንድ ጠቆር ያለ ዓሣ መስታወቱን በአፉ ጥብቅ አድርጎ ይዟል፡፡ ፕሌኮ ይሉታል፤ የዘር ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ እነ አማዞን ወንዝ ነው፡፡ በመስታወቱ በኩል ሆዱን አየሁት፡፡ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል!

“እህቴ፣ ይሄኛው ምንድን ነው የሚበላው?” አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን፡፡

“እሱማ ቆሻሻ ነው የሚበላው፡፡ ጽዳት ነው ሥራው!” ብላኝ ሳቀች፡፡

እኔ ግን አልሳቅኩም፡፡ ለምን መሰላችሁ? ከዓመታት በፊት እኔም ሁለት ፕሌኮ ገዝቼ “ጽዳት ሠራተኛ ቀጠርኩ” እያልኩ ስፎክር ነበራ! ላይ ላሉት ዳቦ እበትናለሁ፣ ታች ላሉት ደግሞ ትርፍራፊው ይበቃቸዋል እላለሁ፡፡ አንደኛው ሆዱ ጎድጉዶ፣ ዓይኑ ሰርጉዶ ሞተ፡፡ ሌላውን ደግሞ ዳቦው ያበላሸው ውኃ ጨረሰው፡፡ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፡፡

በማግስቱ በጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ፡፡ ጀልባዎቹ ሌሊት የያዙትን ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳ አሞራዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን እየገፈፉ ይበልታሉ፡፡ አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ ጢሙ የተንዠረገገ አምባዛ ይዘው ሆዱን ሲከፍቱ ደረስኩ፡፡ አምባዛም እንደዚያ እንደ ሆቴሉ ዓሣ ታች ነዋሪ ነው፤ ዝምድናም አላቸው፡፡

“ጋሼ፣ ይሄ ጭቃ ነው አይደል የሚበላው?” ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ፡፡

“ጭቃ ላይ ይተኛል እንጂ ጭቃ አይበላም ልጄ!” አሉና ከሆዱ ውስጥ የተዋጠ ትንሽ ዓሣ አወጡልኝ፡፡

በቃ! ሌላ መምህር አላስፈለገኝም፡፡ ቀጥታ ወደ ሆቴሉ… ቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ!

ወጥ ቤቷን እትዬን ለምኜ አንድ ቁራጭ ዝኩኒ ተሰጠኝ፡፡ መጀመሪያ እንደ እብድ ነበር ያዩኝ፡፡ ዝኩኒውን አጥበን፣ ከፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነከር አድርገን አወጣነው፤ ሲለሰልስ ይሰምጣል፣ ለመላጥም ይመቸዋል፡፡ ዘይት የለ፣ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ! ካቀዘቀዝነው በኋላ ዝገት በሌለው ሹካ ወግቼ እታች አስቀመጥኩለት፡፡ ይህን ያደረግነው ማታ መብራት ሲጠፋ ነው፡፡ ፕሌኮ የሌሊት ሰው ነዋ! ቀን ካቀረባችሁለት ላይኞቹ ይቀድሙታል፡፡

ጠዋት ስወርድ እንግዳ ተቀባይዋ ከእኔ ቀድማ መስታወቱ ሥር ቁጢጥ ብላለች፡፡ “ልጣጩን ብቻ ነው ያስቀረው!” አለችኝ፡፡ ያን ዕለት ለሕፃናቱ ዳቦ እንዳይወረውሩ የነገረቻቸው እሷው ራሷ ናት፡፡

እናንተም ቤታችሁ አኳሪየም ካላችሁ ይህችን ያዙልኝ፡፡ ለፕሌኮ ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ቀቀል የተደረገ ቆስጣ፣ ልጣጩ የወጣ አተር ይስማማዋል፡፡ መስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ብቻውን አያጠግበውም፤ የሌላ ዓሣ ኩስ ደግሞ ጨርሶ አይበላም፡፡ ኮሪዶራስ የሚባሉት ጢማም ትንንሾች ግን በአትክልት ብቻ አይኖሩም፡፡ እነሱ የሚፈልጉት ትላትልና ወደ ታች የሚሰምጠውን የዓሣ መኖ ነው፡፡ ዳቦ፣ እንጀራ፣ አይብ፣ ስብ ያለው ሥጋ… ለማንም አይሆንም! የተረፈውን አትክልት ጠዋት አውጡት፡፡ ውስጥ ከበሰበሰ አሞኒያ ይፈጥርና ላይኛውንም ታችኛውንም አንድ ላይ ይፈጃል፡፡ ስትገዙም አስቡበት፤ ጣት የምታክል ብላችሁ የወሰዳችኋት ተራ ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ታድጋለች፡፡ ለትንሽ ገንዳ አትሆንም፡፡

ሰው ቤት ውስጥም እንደዚህ ዓይነት አይጠፋም፡፡ ጓዳ ጓዳውን የሚል፣ የማይጮህ፣ “እሱ የተገኘውን ይበላል” የሚባልለት… እስቲ ዛሬ ማታ ሆዱን ሳይሆን ዓይኑን እዩት፡፡

በሉ እንግዲህ፣ ለሳምንቱ ቸር ይግጠመን!