«አፍሪካ» በሚባለው መንገድ ላይ በብስክሌት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሲባል በሩቅ ላለው ወገን ትዝ የሚለው ሥራ ነው። «ሥራ እንደ ልብ ነው፤ የቤት ኪራዩም እንደ ዋሽንግተን አያቃጥልም» ሲባል ሰምቶ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣው ብዙ ነው። ዳሩ ግን እዚሁ የምንኖረውም ብንሆን አገሩን የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ከመሐል ከተማ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዳ ስንዴና በቆሎ የሚዘራበት ገጠር እንደሚያገኝ ሳያውቅ አሥራ አምስት ዓመት የኖረ ሞልቷል። ዛሬ ለአንባብያን ላወጋ የፈለግሁት ስለዚሁ ገጠርና እዚያ ስላደረሰን ብስክሌት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ ዘጠኝ ሴቶች ነን። ግማሾቻችን በአረጋውያን መጦሪያ፣ ግማሾቻችን በመጋዘንና በሆስፒታል እንሠራለን፤ ስምንትና አሥር ሰዓት ቆሞ መዋል ነው። የቡናው ወግ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ወገብ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ስኳርና ደም ግፊት ብቻ ሆኖ ነበር። «ይህን ሁሉ ከምናወራ ብስክሌት እንንዳ» ያለችው ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች እህታችን ናት። ለእሷ ቀላል ነው፤ በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ብስክሌት ብትነዳ ዞሮ የሚያያት የለም። የአዲስ አበባ ልጆች የሆንነው ግን በሰፈር በሰዓት የሚከራየውን ብስክሌት ወንድሞቻችን ሲጋልቡ ቆመን ያየን ነን። «ሴት ልጅ ብስክሌት?» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከእኛው ጋር አውሮፕላን ተሳፍራ መጥታለች። የአንዷ ባለቤት «ለሰው መሳቂያ ልትሆኑ ነው» ብሎ ነበር። በ2024 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በፓሪስ ኦሎምፒክ ለስደተኞች ቡድን ተሰልፋ በጎዳና ብስክሌት የተወዳደረችው እየሩ ገብሩ የአገራችን ልጅ መሆኗን ስንነግረው ዝም አለ። ቅዳሜ ልጆቹን የያዘልንም እሱ ነው።

ኮሎምበስም ብትሆን ለብስክሌት ባዕድ አይደለችም። በ1962 ቻርልስ ሳይፕል የተባለ ሰውና ልጁ ግሬግ ከዚህች ከተማ ተነስተው የሳዮቶን ወንዝ ሸለቆ ተከትለው እስከ ፖርትስመዝ ነዱ፤ በማግሥቱም ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 210 ማይል ያህል ነው። ያ የአባትና የልጅ ጉዞ በኋላ ሺዎች የሚነዱበት ዓመታዊ ጉዞ ሆነ። በ1899 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነው በጥቁሩ ብስክሌተኛ በሜጀር ቴይለር ስም የተሰየመው የመጀመሪያው ክለብም በ1979 የተቋቋመው እዚሁ ነው።

እኛ 210 ማይል አላሰብንም። በአንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሁለት ወር ስንወድቅ ስንነሳ ከቆየን በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከኮሎምበስ በስተ ሰሜን ካለችው ከዌስተርቪል ተነሳን። መጀመሪያ የያዝነው ጄኖአ ትሬይል የሚባለውን፣ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ ዛሬ መኪና የማይገባበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከሲንሲናቲ እስከ ክሊቭላንድ 326 ማይል የሚዘልቀው የኦሃዮ ቱ ኢሪ ትሬይል አንዱ ክፍል ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ለጀማሪ ጉልበት የታዘዘ ይመስላል። በስተ ቀኝ የሁቨር ግድብ ውኃ ተኝቷል። ስሙ የፕሬዚዳንቱ ሊመስል ይችላል፤ ግን በ1955 የተመረቀው ይህ ግድብ የተሰየመው በከተማው ውኃ አገልግሎት ውስጥ ሲሠሩ በኖሩት በሁለቱ ወንድማማቾች፣ በቻርልስና በክላረንስ ሁቨር ነው። በየቀኑ የምንጠጣውን ውኃ አንዱን ምንጭ ያየነው ያን ቀን ነው።

ጋሊና በምትባለው ትንሽ ከተማ ዳቦና ቆሎአችንን በልተን ስናበቃ ክርክር ተነሳ። ከዚህ በኋላ ያለው የገጠር መንገድ ነው፤ ዳር የለውም። «ዘጠኝ ጥቁር ሴቶች ተሰልፈን በማናውቀው ሰው እርሻ መሐል ልናልፍ?» አለች አንዷ። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሁላችንም ዜና እንሰማለን። የባሕር ዳሯ ልጅ ሕጉን አስረዳችን፤ ከ2017 ጀምሮ በኦሃዮ ብስክሌት የሚቀድም መኪና ቢያንስ ሦስት ጫማ ርቆ ማለፍ አለበት። «ሕጉን ያወጡት ያውቁታል፤ ነጂው ያውቀዋል ወይ?» አለች ያችው። ቢሆንም አንድ ለአንድ ተሰልፈን ሄድን።

ስንዴው ለአጨዳ ደርሶ ወርቅ መስሏል። በቆሎው ከጉልበት በላይ ነው፤ አኩሪ አተሩ ገና ከመሬት ቀና ማለቱ ነው። አንድ ፒካፕ መኪና ከኋላችን ቀስ ብሎ ሲከተል ሁላችንም ጸጥ አልን። በኋላ መንገዱ ሲከፈትለት ርቆ አለፈና ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን አነሳ፤ የዚህ ገጠር ሰላምታ እንደዚያ ነው። ሌላው ደግሞ ጥሩምባውን አምባርቆብን፣ ያልሰማነውን ነገር ጮኾ ሄደ። ሁለቱም እዚያው አገር የሚኖሩ ናቸው።

አውራ ጎዳና 71ን ተሻግረን ወደ አለም ክሪክ ስንጠጋ፣ ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁላችንም በአንድነት ፍሬን ያዝን። ሰሌዳው «አፍሪካ ሮድ» ይላል። አንዳንዶቻችን በመኪና ስንቴ አልፈንበታል፤ ወርዶ የጠየቀ ግን አልነበረም። እዚህ ኢስት ኦሬንጅ የምትባል መንደር ነበረች። ሳሙኤል ፓተርሰንና ጎረቤቶቹ ባርነትን የሚጠሉ ሰዎች ስለነበሩ፣ ከደቡብ የሚያመልጡትን ባሮች እየደበቁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካናዳ ያሳልፉ ነበር። በ1850 የወጣው ሕግ ባሪያ ያስጠጋን ሰው፣ ባርነት በሌለበት በኦሃዮ እንኳ ሳይቀር፣ የሚያስቀጣ ነበር። በ1859 ደግሞ ከሰሜን ካሮላይና ነፃ የወጡ ጥቁሮች መጥተው እዚሁ ሰፈሩ። ባርነትን የሚደግፍ አንድ ጎረቤት ለማላገጥ መንደሯን «አፍሪካ» አላት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ሰፋሪዎቹ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደዋል። መንገዱ ግን ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል።

ይህን ስናወራ የስድሳ አንድ ዓመቷ ታላቃችን ብስክሌቷን አጋድማ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። እትዬ በወጣትነቷ ሌሊት እየተጓዘች፣ ቀን ጫካ እየተኛች፣ በመተማ አድርጋ ገዳሪፍ የገባች ሴት ናት፤ ነገሩን ብዙ ጊዜ አታነሳውም። «ውኃ የሚሰጣቸው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። «የዚህ መንደር ሰዎች ናቸው» አልናት። «እኔን አንዲት ሱዳናዊት ነበረች በቅል የሰጠችኝ» አለች። «ስሟን አልጠየቅኋትም።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ስትነሳ ግን ሰልፉን እኔ እመራለሁ ብላ ከፊት ሆነች።

አፍሪካ ሮድ ዛሬ አዳዲስ ቤቶች የተሠሩበት፣ መኪና የበዛበት ነው፤ ለጀማሪ ጥንቃቄ ያሻል። በእሱ ወርደን ዌስተርቪል ስንደርስ ከሃያ ማይል በላይ ነድተናል። እዚያም የጳጳሱ የዊልያም ሃንቢ ቤት አለ፤ እሱም ያመለጡ ባሮች መጠለያ ነበር፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሃንቢ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት፣ በ1847 የተቋቋመው ኦተርባይንም ከጅምሩ ሴቶችን በተማሪነትም በመምህርነትም የተቀበለ ትምህርት ቤት ነው።

ብዙዎቻችን በዚህ አገር ስንኖር ሻንጣችንን ሙሉ በሙሉ ሳንፈታ ነው። ነገ አገር ቤት እንገባለን እያልን የዛሬውን ሰፈር ታሪክ ሳንጠይቅ ልጆቻችን አደጉ። አገር ቤትን መናፈቅ የሚቀር ነገር አይደለም፤ አይቅርም። ግን ልጆቻችን «አፍሪካ ሮድ ለምን አፍሪካ ተባለ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሸሽቶ መጥቶ የሰፈረ ሰው ታሪክ ከእኛ በላይ ማን ሊነግራቸው ይገባል?

ለመምጣት የምትፈልጉ እህቶች፣ ሄልሜት፣ ውኃ፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማና ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ ያዙ። ሰፊ ቀሚስ ሰንሰለት ውስጥ ይገባልና ይቅር። የሚቀጥለውን ጉዞ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን አስበናል። በዚያ ወራት በኦሃዮ ረግረግ ዳር የአደይ አበባ ዘመድ የሆነ ቢጫ አበባ ያብባል። ታላቃችን ካሁኑ ትመራለች ተብሏል፤ ቡናውን ደግሞ በየተራ እንይዛለን።