ነገ ኑ

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኛ የምንቀደው ቆብ ስላልነበረን ባለፈው ክረምት ሥራ ፍለጋ ወጣን። ሦስት ነን፤ አንዳችን የቡራዩ፣ አንዳችን የሰበታ፣ አንዳችን የሱሉልታ ልጅ። ግቢ ውስጥ «ከየት ናችሁ?» ስንባል «ከአዲስ አበባ» ብለን እናልፈዋለን። ዓርብ ማታ ግን አንዱ በአስኮ፣ አንዱ በአየር ጤና፣ አንዱ በአዲሱ ገበያ በኩል ታክሲ ሲጋፋ እውነቱ ይወጣል። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ነው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው።

ከሦስቱ በአንዱ ከተማ ወደሚገኝ ሥራ ፈላጊ የሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት ሄድን። የትኛው ከተማ እንደሆነ አንጽፍም። የምንጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ይልቁንም የሚከሰስ ካለ፣ ወደ ኋላ እንደምታዩት፣ ከእኛው ይጀምራል።

ወረፋው ከበሩ ወጥቶ እስከ አጥሩ ደርሷል። ተራችን ሲደርስ በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋች። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ደግሞም ሥራ እንደሌለን ከሠፈር የተጻፈ ማረጋገጫ። ሰጠናት።

«ተማሪ ናችሁ?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ተማሪማ ሥራ አጥ አይባልም። ሥራው ትምህርቱ ነው።»

«ክረምቱን ብቻ ነው፣ አዴ...»

«በክረምትም ያው ተማሪ ነው።» ወረቀታችንን መለሰችልን። እኛም ልንሄድ ዞር ስንል ጠራችን። «ጽሕፈታችሁ ጥሩ ነው? ቁቤስ ታውቃላችሁ?» እናውቃለን አልን። «እንግዲያው ለበጎ ፈቃድ ኑና ጻፉልኝ። ሰው በዛብኝ፣ ብቻዬን ነኝ።»

እንዲህ ሆነና ሥራ ለማግኘት ሄደን ያለ ደመወዝ ሥራ አጥ መዝጋቢ ሆንን። ማታ ማታ በዚህ ስንስቅ ከረምን። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ግን መሳቁ ቀረ።

ቅጹ በአፋን ኦሮሞ ነው። የሱሉልታው ልጅ ይጽፋል፣ የቡራዩው ያስረዳል፣ የሰበታው ፋይል ያመጣል። የቋንቋ ተማሪዎች ነንና መጀመሪያ ያየነው ቃሉን ነበር። በአማርኛ «ሥራ ፈት» ስድብ ነው፤ ሰውየው ራሱ የፈታው ይመስላል። «ሥራ አጥ» ያዝናል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ «ሥራ ፈላጊ» ነው። ወረፋው ላይ ግን አንድም ሰው ራሱን ሥራ ፈላጊ ሲል አልሰማንም። «ቁጭ ብያለሁ» ነው የሚሉት። አጥሩ ሥር ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ኧረ ቁጭ ብያለሁ» ይላል።

ለመሆኑ ካርዱ ምን ያስገኛል? ይህን ጥያቄ በየቀኑ ተጠየቅን፤ እኛም ሴትዮዋን ጠየቅን። ተደራጅቶ ማኅበር ለመመሥረት፣ ለሥልጠና፣ ለብድር፣ ለመሥሪያ ቦታ ተራ ያስይዛል። ገንዘብ አይሰጥም። ብዙ ሰው ግን ገንዘብ ያለው ይመስለዋል፤ ምክንያትም አለው። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር አዲስ አበባን ጨምሮ 11 ከተሞች ውስጥ ነበር። የእኛ ሦስት ከተሞች ከ11ዱ ውስጥ አልነበሩም። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ቢሰፋም ወሬው ቀድሞ ሰፍቶ ነበር። አየር ጤና ያለች አክስት መንገድ ጠርጋ ተከፍሏት፣ ዓለም ገና ያለችው እህቷ «የእኔስ?» ብትል ምን ይገርማል? ለታክሲ ረዳት ሁለቱ ሠፈሮች አንድ መንገድ ላይ ያሉ ፌርማታዎች ናቸው።

በሌላ አገር ይህ መስኮት ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር የሥራ ማገናኛ ቢሮዎች በ1909 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተቋቁመው በ1910 ተከፈቱ። የሥራ አጥነት መድን በ1911 ታወጀ፤ ክፍያው በ1913 ሲጀመር ለተወሰኑ ሙያዎች ሠራተኞች በሳምንት 7 ሽልንግ፣ በዓመት ቢበዛ ለ15 ሳምንት ነበር። ሥራ ያጣው ሰው ቢሮው ሄዶ ይፈርማል። ሥራ ካለ ሥራ ይሰጡታል፤ ከሌለ ይከፍሉታል። ስለዚህ በዚያ አገር ከመስኮቱ ጋር ያለው ጠብ «ለምን ቆረጣችሁብኝ?» ነው። እኛ ዘንድ የሚቆረጥ ነገር የለም።

እኛ የወሰድነው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሥራ ስምሪት አገልግሎት ስምምነት ቁጥር 88 በ1963 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ መንግሥት ሥራና ሠራተኛን በነፃ ያገናኛል የሚል ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 64/1968 የግል አገናኞችን ዘግቶ ማገናኘቱን ለመንግሥት ብቻ አደረገው። ያ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። መሥሪያ ቤቱም ስሙን እየለወጠ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተብሏል። ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም መድኑ፣ አልመጣም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይሰበስባል። ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳት፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋና ለሟች ቤተሰብ ነው፤ ሥራ ላጣ አይደለም።

ስለዚህ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሰጣል? ሥራ የለውም፤ ገንዘብ የለውም፤ ማኅተሙም የኃላፊው ነው። ያለው መዝገብና «ነገ» ነው። «ነገ ኑ»፤ በአፋን ኦሮሞ «ቦሩ ኮታ»። ሴትዮዋ በሁለቱም ቋንቋ አሳምራ ትለዋለች። በመጀመሪያው ቀን ስንሰማት ተናደድን። «ለምን 'የለም' አትያቸውም?» አልናት በምሳ ሰዓት።

«የለም ካልኩ ይጮሁብኛል» አለች ሽሮዋን እየጠቀለለች። «ነገ ካልኩ ያመሰግኑኛል። እናንተም እዩት።»

አየነው። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ሄዶ ፈራሚ ጠፋ፤ ሰዉ ግን አልተበተነም። ከእኛ አንዱ (ማን እንደሆነ ለራሳችን እናስቀረው) አንገቱን አውጥቶ «ነገ ኑ» አለ። ምንም አልሆነም። «እሺ ልጄ፣ ይባርክህ» ብለውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቀለለን። ፋይል ሲጠፋ ነገ ኑ፤ መብራት ሲጠፋ ነገ ኑ፤ ርቦን ሲል ነገ ኑ።

ባለፈው ሴሚስተር ማሪየንታል ስለምትባል ከቪየና አቅራቢያ ስላለች የኦስትሪያ መንደር አንብበን ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ተዘግቶ መንደርተኛው በሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል ያጠኑትን በ1933 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሰው ጊዜ ሲተርፈው ያነባል ብንል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ ሲራመዱ ቀስ ማለት፣ ሰዓት አለማሰር ጀመሩ። ክፍል ውስጥ «አሳዛኝ ነው» ብለን ማስታወሻ ይዘናል። መስኮቱ ጋ ስንቀመጥ ግን የወረፋው ሰው ጊዜ የማያልቅ መስሎን ነበር። ሥራ የሌለው ሰው ነገ ቢመጣ ምን ይጎድልበታል?

አንዲት ሴት ነበረች። ከአንድ የአበባ እርሻ ከሌሎች ጋር «ሠራተኛ በዝቷል» ተብላ የወጣች፣ ልጅ ያዘለች። መጀመሪያ ስትመጣ የሠፈሯ ማረጋገጫ ማኅተም ደብዝዟል ብለን «ነገ ነይ» አልናት። መጣች፤ ኃላፊው አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ ዝናብ ነበር፣ ቢሮውን ቀድመን ዘግተናል። በአራተኛው ልጇ አለቀሰና እስክታባብለው ድረስ አንዳችን ወሬ ለመሙላት ያህል ጠየቃት፦

«ስንት ዓመት ሠራሽ እዚያ?»

«አራት ዓመት።»

«ስንብት ከፈሉሽ?»

«የምን ስንብት?»

ያን ጊዜ ነው የነቃነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በቅነሳ ሲወጣ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለእርሷ ቢያንስ የ60 ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። የፈለገችው ገንዘብ ሴፍቲኔት ሳይሆን የራሷ ላብ ነበር። የእኛ ካርድ ጨርሶ አያስፈልጋትም። ያስፈልጋት የነበረው በዚሁ አጥር ግቢ ውስጥ፣ ሁለት በር አልፎ ያለው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ነው።

«መቼ ነው የወጣሽው?» አልናት። ቀኑን ነገረችን። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። በጣታችን ቆጠርን፤ ደግመን ቆጠርን። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስኮታችን ስትመጣ ስድስት ወሩ ሊሞላ 9 ቀን ይቀረው ነበር። በዚያች ቀን ሦስት ቀን አልፎት ነበር።

ምን ይባላል? ሴትዮዋን ጠራናት። አዳመጠችን፤ መነጽሯን አወለቀች፤ ዝም አለች። ከዚያ ራሷ ተነሥታ ሴቲቱን እጇን ይዛ ሁለት በር አሻግራ ወሰደቻት። አሠሪውን በውድ ያስከፍሉት እንደሆነ ይሞክሩላታል ብላ ተመለሰች። ለእኛም ክፉ ቃል አልተናገረችም። «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ» ብቻ አለች። «ስንቷ እንዲህ እንደሄደች እኔ ምን አውቃለሁ?» ሴቲቱ ተመልሳ አልመጣችም፤ እኛ ዘንድ የሚያመጣት ጉዳይም አልነበራትም።

በማግሥቱ አንድ ወረቀት ጽፈን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መስኮቱ ላይ ለጠፍን። «ይህ ካርድ ገንዘብ አያሰጥም። የሚያስገኘው ሥልጠና፣ ማደራጀትና ተራ ነው። ከሥራ ከተሰናበቱ ስድስት ወር ሳይሞላዎት አስቀድመው ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ይግቡ። ኃላፊው የሚፈርሙት ማክሰኞና ሐሙስ ነው።» ይኸው ነው፤ አራት መስመር። ሴትዮዋ አንብባ «ይጮሁብኛል» አለች፤ ግን አላነሣችውም። በእርግጥም የጮኹ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምን አመላለሳችሁኝ!» ብለው በከዘራቸው መስኮቱን መቱ። እውነታቸውን ነው። ረቡዕ ዕለት ግን ወረፋው በግማሽ አነሰ፤ ለፊርማ የሚመጣው ሰው ሐሙስን ጠብቆ ነበርና።

እነሆ ክረምቱ አልቆ ግቢ ገባን። ይህን ስንጽፍ ያቺን ሴትዮ ደግ፣ ራሳችንን ብልህ ለማድረግ አይደለም። ለመስኮቱ ሰው ሥራም ገንዘብም ያልሰጠው መንግሥት ነው፤ ይህን በሚገባ እናውቃለን፣ በየክርክሩም እንናገራለን። ነገር ግን ያቺ እናት 12 ቀን ስትመላለስ መንግሥት መስኮቱ ውስጥ አልተቀመጠም ነበር። የተቀመጥነው እኛ ነን። «ለምን ወጣሽ?» ብሎ ለመጠየቅ በጀት አያስፈልግም ነበር።

ወገኖች፣ በሚመጣው ዓመት የመውጫ ፈተናውን ካለፍን እኛም ጉርድ ፎቶ ይዘን አጥሩ ሥር እንቆማለን፤ በዚያን ጊዜ ተማሪ ናችሁ ብሎ የሚመልሰን የለም። ከእኛ መካከል ዕድል የቀናው ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ይቀመጥ ይሆናል። ሦስታችን አንድ ነገር ተማምለናል፤ ውስጥ የገባው «የለም»ን «የለም» ሊል፣ «ነገ» ካለም ሰዓቱን ሊናገር። ውጭ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ «ነገ ኑ» ሲባሉ «እሺ» ብለው ላይሄዱ፣ «ለምን?» ብለው ሊጠይቁ።